ካታዮኒክ ሴሉሎስ፦ ድፍርስ ውሃን የሚያጠራ፣ ሲበዛ መልሶ የሚያደፈርስ ዱቄት

«የተሻሻለ ሴሉሎስ» ተብለው ከሚሸጡት ዱቄቶች ውስጥ ብቻውን ድፍርስ ውሃ የሚያጠራው ካታዮኒኩ፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመው ነው። የሸክላ አፈር ላደፈረሰው ውሃ ጥሩ ምርጫ ነው እንላለን። ግን በግምት የሚጨመር ዱቄት አይደለም።

የሸክላ አፈር ብናኝ ውሃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ብናኞቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ውሃው ለቀናት ቢቀመጥም አይጠራም። ሴሉሎስ ደግሞ ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ በእያንዳንዱ ግሉኮስ ላይ ሌላ ነገር ሊታሰርባቸው የሚችሉ ሦስት ሃይድሮክሲሎች አሉ። ፋብሪካው በኮስቲክ ሶዳ እየታገዘ ኳተርናሪ አሞኒየም የተባለውን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቡድን ያስርባቸዋል። እንዲህ የተሠራው ሰንሰለት ብናኙን ይስባል፣ ከአንዱ ብናኝ ወደ ሌላው ድልድይ ይዘረጋል፣ በመጨረሻም ባዘቶ መሰል ጓል ሆኖ ይዘቅጣል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ገና ሲገዛ ነው። ለምግብ ማወፈሪያ የሚውለው ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስም «የተሻሻለ» ነው፤ ቻርጁ ግን ኔጋቲቭ ነው። ለብቻው ሲጨመር ብናኙን ከማሰባሰብ ይልቅ ተንሳፎ እንዲቆይ ያግዘዋል። ማሸጊያው ቻርጁን በግልጽ ካልጻፈ ቀላል መለያ አለ፦ የዱቄቱን 0.1 በመቶ ብጥብጥና የካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስን 0.1 በመቶ ብጥብጥ እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ካታዮኒክ ከሆነ ቅልቅሉ ይደፈርሳል ወይም ክር መሰል ነጭ ነገር ይወጣዋል። ጥርት ብሎ ከቀረ አትግዙት።

ብጥብጡ ሲዘጋጅ 1 ግራም ዱቄት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ውሃውን አስቀድማችሁ እያማሰላችሁ ዱቄቱን በቀስታ ነስንሱ። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ላዩ ሙጫ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ እንክብል ይሠራል፤ ያ እንክብል በጣት ሲፈርጥ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ገንዘባችሁ እዚያ ውስጥ ታሽጎ ቀረ ማለት ነው። እንክብል እስኪጠፋና ፈሳሹ ወጥ እስኪሆን አማስሉ። ከዚህ ብጥብጥ 1 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር ውሃ ሲጨመር በሊትር 1 ሚሊግራም ይሆናል፤ ሒሳቡ በዚህ ያልቃል።

መጠኑን የሚወስነው ጃር ቴስት፣ ማለትም የተለያየ መጠን በትንንሽ ዕቃ የሚሞከርበት ፍተሻ ነው። በስድስት ቢከሮች አንድ አንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ቅዱና 0፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ጨምሩ። በደቂቃ 120 ዙር ለ1 ደቂቃ፣ ከዚያ በደቂቃ 30 ዙር ለ15 ደቂቃ አማስሉ። ለ30 ደቂቃ ካስቀመጣችሁ በኋላ ከመካከሉ በሲሪንጅ ቅዱና ድፍርስነቱን ለኩ። ጓሉ ከታየ በኋላ በኃይል ማማሰል ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረው ጓል ደግሞ እንደ መጀመሪያው ተመልሶ አይገጥምም።

ውጤቱን ስታነብቡ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት መጠን ማብዛትን ነው። አራተኛው ቢከር ጥርት ብሎ ስድስተኛው እንደ መጀመሪያው ድፍርስ ሊሆን ይችላል። ብናኙ ከሚገባው በላይ ፖዘቲቭ ሲለብስ አሁን በፖዘቲቭነቱ ይገፋፋልና። ይህን ያላወቀ ሰው «አነሰ» ብሎ ይጨምራል፣ ውሃውም ይብስበታል። ማጠራቀሚያው ውስጥ እንዲህ ከሆነ መፍትሔው ያልታከመ ድፍርስ ውሃ ቀላቅሎ ትርፉን ዱቄት በአዲሱ ብናኝ ማስያዝ ነው።

ውሃ ለማጥራት ከተለመደው የአሉሚኒየም ጨው፣ ከአሉም ጋር ስናስተያየው ትልቁ ብልጫው ፒኤችን አለመንካቱ ነው። 1 ሚሊግራም አሉም 0.5 ሚሊግራም ያህል የውሃውን አልካሊነት (አሲድን የመቋቋም አቅም) ይበላል፤ በአልካሊነት ደካማ የሆነ ውሃ ላይ ፒኤቹ ወርዶ አሉሙ ራሱ ሥራ ያቆማል። የኳተርናሪ አሞኒየም ቻርጅ ግን ፒኤች ሲለዋወጥም አይጠፋም። ዝቃጩም የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጭቃ የለበትም። ውሃው ከበሰበሰ ቅጠል ቀለም ወስዶ ሻይ ከመሰለ ግን ምርጫችን ይገለበጣል፦ ሂውሚክ አሲድ ኔጋቲቭ ስለሆነ ዱቄቱን ቀድሞ ይበላዋል። እዚያ አሉም ይቅደም፣ ሴሉሎሱ በጥቂቱ ይከተል።

ሌላው አማራጭ፣ ሰው ሠራሹ ፖሊአክሪላማይድ፣ ሰንሰለቱ እጅግ ረጅም ስለሆነ ጓሉ ይተልቃል፣ ፈጥኖም ይዘቅጣል። ስጋቱ በውስጡ የሚቀረው መርዛማ ጥሬ ዕቃው፣ አክሪላማይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.5 ማይክሮግራም ነው። ሆኖም «ከተክል የተሠራ» የሚለው ጽሑፍም አያዘናጋችሁ። ሴሉሎሱን ካታዮኒክ ለማድረግ የሚውለው ኬሚካል መርዛማ ነው፣ በደንብ ካልታጠበ ዱቄቱ ላይ ይቀራል። ለመጠጥ ውሃ ከሆነ እንደ ኤንኤስኤፍ 60 (ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ኬሚካሎች የወጣ መስፈርት) ያለ የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ ከሌለው ለግንባታ ቦታ ጎርፍና ለመሳሰለው ይዋል።

ዱቄቱ ጀርም አይገድልም። ከዘቀጠ በኋላ ውሃው ተጣርቶ፣ ድፍርስነቱ ቢቻል ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በታች ወርዶ፣ ከዚያ ክሎሪን ይጨመርበት።

ደረቁን ዱቄት እርጥበት በማይነካው ዕቃ ክደኑት። ብጥብጡን ግን የዕለቱን ብቻ አዘጋጁ፤ ሴሉሎስ የባክቴሪያ ምግብ ነው፣ ሲያድር ሰንሰለቱ እየተቆራረጠ ይቀጥናል። ውሃው ሳይለወጥ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ ካነሰ፣ መጀመሪያ የብጥብጡን ዕድሜ ጠይቁ።