ለክርን ሕመም የቱ ይሻላል? ማሰሪያው፣ እጅጌው ወይስ መርፌው?

ጅማ ውስጥ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ሲያዞር፣ መላጊያ ሲገፋ የዋለ እጅ ማታ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት ያቅተዋል። ቡና ሲወቅጡ የሚያማቸው እናቶችም አሉ። ቴኒስ ኤልቦ ይባል እንጂ አብዛኛው ታማሚ ራኬት ነክቶ አያውቅም። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሳው ጅማት፣ ክርን ውጭ በኩል ካለው አጥንት ጋር የተያያዘበት ቦታ በሥራ ብዛት ተጎድቶ ነው።

ወዳጆቼ «የቱን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ከክርን በታች ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጠባብ ማሰሪያ ግዙ።

መጀመሪያ ዋጋው። እኔ ስጠይቅ ክርኑን ሙሉ የሚሸፍነው እጅጌ 900 ብር ተባልኩ፤ ማሰሪያው 450፣ ያውም ተከራክሬ 400 ገባ። እጅጌው ያሞቃል፣ ደስ ይላል። ግን በላብ ይርሳል፣ ሲታጠብ ላስቲኩ ይለቃል፣ ከለቀቀ ደግሞ ማንም አይጠግነውም። የማሰሪያው ቬልክሮ ቢያረጅ ጫማ ሰፊ በትንሽ ብር አዲስ ይሰፋበታል።

150 ብር የሚሉትን ግን እለፉት። ውስጡ ያለውን ትራስ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ልጥፍ ካለ ስፖንጅ ነው፤ ጡንቻው ላይ ምንም አይሠራም። እዚያው እሰሩትና ጡጫችሁን ጨብጡ። ቬልክሮው ጠጭ ካለ መልሱለት። ቀለበቱ ሥር ያለውን ስፌትም እዩ፣ ቶሎ የሚተረተረው እሱ ነው።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚያመው አጥንት ላይ አይታሰርም። ከእሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ መዳፍ ወረድ ብሎ፣ ጡንቻው ላይ ነው። ጣት ከደነዘዘ ላላ ይደረግ፤ ማታ ይፈታ።

የስቴሮይድ (እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ቶሎ ያስታግሳል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚመርጠው። ነገር ግን በጥናት ሲታይ፣ ከዓመት በኋላ የተወጉት ካልተወጉት ብሰው ተገኝተዋል፤ ሕመሙም ይመላለስባቸዋል። ለዚያ ብር ማውጣት አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ማሰሪያው ሥራ ላይ ሕመሙን ያቀልላል እንጂ ጅማቱን አያድንም። የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ነው፣ እሱ ደግሞ በነፃ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ በታመመው እጅ ያዙ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ መዳፍ ወደ ታች፣ አንጓው ከጠርዙ ወጣ ይበል። በሌላኛው እጅ አንሱት፣ ከዚያ በታመመው ብቻ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው፤ አትተዉት።

ትንሿና የቀለበት ጣታችሁ ከደነዘዙ፣ ክርኑ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ሕመሙ ከውድቀት በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ማሰሪያ መግዛቱን ተዉና ሐኪም ይያችሁ።