ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሱሉልታ በእግር

ዘንድሮ ለገና አገር ቤት ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ካልጋሪ መኖር ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። በዚህ ጉዞ ብዙ ነገር ተጠቅሜያለሁ፤ ሆቴሉም፣ ታክሲውም፣ ሲም ካርዱም አለ። መጻፍ የምፈልገው ግን ስለ አንድ የእግር መንገድ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ተነስተን፣ ተራራውን ወደ ጀርባው ተሻግረን፣ ሱሉልታ ወረድን። አብራኝ የሄደችው ታላቅ እህቴ ናት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የምትኖረው። እንጦጦን ጠዋት ማታ ከደጃፏ ታየዋለች፤ ከጀርባው ያለውን አገር ግን አንድ ቀንም አይታው አታውቅም።

መጀመሪያ በአስጎብኚ ድርጅት ነበር የሞከርነው። በስልክ ተነጋገርን፣ ዋጋው በዶላር ተነገረኝ፣ ቀብድ ላክሁ። በቀጠሮው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። የመጣ የለም። ሦስት ሰዓት ሲሆን «መኪናው ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ገባልኝ። ቀብዱ እስካሁን አልተመለሰም። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ እህቴ በዚያ የታኅሣሥ ውርጭ ጋቢዋን ተከናንባ ያን ያህል መቆሟ ነው።

በማግስቱ በራሳችን ወጣን። እስከ ሽሮ ሜዳ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ «እንጦጦ! እንጦጦ!» እየተባለ የሚጫን ሚኒባስ። ረዳቱ መልሳችንን ሳንጠይቀው ቆጥሮ ሰጠን። ዳገቱ ሲጀምር የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ገባ።

ማርያምን ተሳለምን። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ንፋሱ ግን አያስቆምም፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል። እህቴ ጋቢዋን እየሳበች «እቴጌ ወደ ፍል ውሃው እንውረድ ማለታቸው እውነታቸውን ነው» አለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ውሃ ስንገዛ፣ ባለሱቁን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቅነው። አንድ ወጣት ጠራልን። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የተወለደው ከተራራው ጀርባ ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም አፉን የፈታበት ነው።

«ስንት እንክፈልህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ደስ ያለዎትን።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህች «ደስ ያለዎትን» በዚህ ጉዞ ስንት ቦታ አስጨነቀችኝ። ባሳንስ የልጁን ጉልበት መብላት ነው። ከውጭ ነው የመጣሁት ብዬ ብዘረግፍ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፒያሳ የሚመጡት ተማሪዎች በምን አቅማቸው ይከፍሉታል? እህቴ ነች የገላገለችኝ።

«የቀን ሥራ ስትሠራ ስንት ይሰጡሃል፣ የኔ ልጅ?»

«ግንባታ ላይ 600።»

«በቃ፣ እጥፉን እንስጥህ። መመለሻህን ጨምረን 1500 ይሁን። ይስማማሃል?»

ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ እስካሁን አይረሳኝም። ለካ እሱም ጨንቆት ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ደንበኛና እንደ አስጎብኚ ሳይሆን እንደ አብሮ ተጓዥ ነው የሄድነው። እዚያ አካባቢ መንገድ የሚመሩ ልጆች ተሰብስበው አንድ ዋጋ ቢቆርጡና ሱቁ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት፣ ለእነሱም ለእኛም ትልቅ ነገር ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ በሚገባ የተሠራ ነው። መንገዱ ንጹሕ፣ ማረፊያውም ብዙ። የእኛ መንገድ ግን ከዚያ ውጭ ነው። ምልክት የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ የእግር ዱካ ብቻ ነው ያለው። ገና ጫካው ውስጥ እንዳለን ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከፊታችን መጡ። አንደኛዋ ሸክሟን ጉብታ ላይ አሳርፋ፣ ከገመዱ ሳትወጣ ወደ ኋላ ተደግፋ ቆማ ነበር። እሷ አትታይም፤ ቅጠሉ ከራሷ በላይ ነው። ገመዱ ደረቷ ላይ በሚያልፍበት ቦታ የታጠፈ ማዳበሪያ ከረጢት ጎዝጉዛበታለች፣ እንዳይቆርጣት። ልጁ ሄዶ ከኋላ ደገፍ አደረገላትና አነሳች። «እግዜር ይስጥህ» ብላ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሄደች።

እናታችን እንጀራ የምትጋግረው በዚህ ቅጠል ነበር። እህቴና እኔ ምድጃው ስር እየማገድን ነው ያደግነው። ማን ተሸክሞ እንዳመጣው ግን ጠይቀን አናውቅም። እህቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሄደች።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ልጁ ቆሞ በዱላው አሳየን። በስተደቡብ የሚዘንበው ውሃ ወደ አቃቂ ወርዶ አዋሽ ይገባል፤ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ይቀራል። በስተሰሜን የሚዘንበው በሙገር በኩል አድርጎ አባይ ይገባል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የምታዩበት ቦታ ነው። ከኋላችን ፎቆችና ጭጋግ፣ ከፊታችን የሱሉልታ ሜዳ፤ ቢጫ፣ ሰፊ፣ የድርቆሽ ክምር እዚህም እዚያም የተቀመጠበት።

ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈልጋል። ያልለመደ ሰው ዱላ ይያዝ። መንደሮቹ አጠገብ ውሻ አለ፤ ልጁ ከሩቅ በኦሮምኛ «አካም!» ብሎ ሰላምታ ሲያቀርብ ባለቤቶቹ ወጥተው ይይዙልናል። ያለ እሱ ያንን አልፈን የምንሄድ አይመስለኝም። አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁ ሰዎች «ብሉ» ብለው ቆሎ ዘግነው ሰጡን። «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለትን እዚያው ተማርኩ። ቆሎው ትኩስ ነበር፣ አሁን ከምጣድ የወረደ።

ሱሉልታ አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቶብን ደረስን፤ እየተቀመጥን፣ ፎቶ እያነሳን ነው። አስፋልቱ ዳር አንዲት ትንሽ ወተት ቤት ገባን። ሴትየዋ የፈላ ወተት በብርጭቆ እስከ አፉ ሞልታ፣ ከድፎ ዳቦ ጋር አቀረበችልን። ወተቱ ስብ ሠርቶ ነበር። ካልጋሪ ከሚሸጠው የቱም ወተት ጋር አላወዳድረውም። ሂሳቡን በቴሌብር ከፈልን፤ ስልኳ ላይ ሲገባ ድምፁን ሰምታ ፈገግ አለች።

ለመመለስ ችግር የለም። ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ታክሲ ሞልቶ ነው። ልጁን አብረን እንሂድ ብንለው እምቢ አለ። ለእናቱ አንድ ሊትር ወተት በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ፣ በመጣንበት መንገድ ተመልሶ በእግሩ ሄደ።

መሄድ ለምታስቡ፦ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ሜዳው ይጨቀያል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሱ። ውሃ ከሱቁ ግዙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሱሉልታ አታገኙም። መንገድ የሚያሳያችሁን ሰው ዋጋ ገና ሳትንቀሳቀሱ ተነጋገሩ፣ መመለሻውንም ጨምሩበት፤ በእግሩ ቢመለስም።