በአነስተኛ መጠን የሚወሰደው አስፕሪን ሲገመገም

አስፕሪን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የራስ ምታትን ነው፤ እኔ ግን ይህን ክኒን የማደንቀው በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሲወሰድ በደም ውስጥ ለሚሠራው ሥራ ነው። የሴሎቻችን ሽፋን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ባለ 20 ካርቦን የስብ አሲድ ይዟል፤ አሲዱ ከሽፋኑ ሲላቀቅ ኮክስ የተባለው ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲንና ትሮምቦክሳን ወደተባሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች የሚያደርሰውን መንገድ ይከፍትለታል። አስፕሪን ይህን ኢንዛይም ዳግም እንዳይሠራ አድርጎ ይዘጋዋል። ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕላትሌት የተባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ኒውክሊየስ (የዘር መመሪያን የሚይዘው የሴል ማዕከል) ስለሌላቸው ኢንዛይሙን መተካት አይችሉም፤ በመሆኑም ደም እንዲረጋ የሚያነሳሳውን ትሮምቦክሳን በቀሪ ዕድሜያቸው ሁሉ ማምረት ያቅታቸዋል፤ የደም ሥር ግድግዳ ሴሎች ግን ኢንዛይሙን እንደገና ሠርተው መርጋትን የሚገታውን ፕሮስታሳይክሊን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ከአንድ ርካሽ ክኒን እንዲህ ያለ የተመረጠ ውጤት መገኘቱ በእውነት ያስደንቃል። የአሠራሩን መሠረት በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ጉድለቱም ከዚያው ከጥቅሙ ይመነጫል። ጨጓራን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን ስለሚቀንስ ቁስለትና መድማት ሊያስከትል ይችላል፤ ጉዳቱ በደም በኩልም ስለሚደርስ፣ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተሸፍኖ የሚቀርበው ዓይነት አደጋውን አያስቀረውም፤ ስለዚህ ለሽፋኑ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም እላለሁ። በአንዳንድ የአስም ሕሙማን ላይ ሉኮትሪን የተባለው ኬሚካል እንዲበዛ በማድረግ የአየር ቧንቧን ያጠባል፤ ለልጆችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ብልቃጡ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ካለው ክኒኑ በእርጥበት ተበላሽቷልና መጣል አለበት። የልብ ደም ሥር መዘጋት ላጋጠመው ሰው በሐኪም ሲታዘዝ ከፍተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ጤነኛ ሰው በራሱ ፈቃድ በየቀኑ እንዲውጠው ግን አልመክርም።