የሚጓዝ ትርኢት ወይስ የሚላክ ጽሑፍ?

የተለያዩ አገሮች የጥበብ ተቋማት ስለ አየር ንብረት ለውጥ አብረው ሲሠሩ አንድ ምርጫ ይገጥማቸዋል፦ ትርኢቱ ራሱ ድንበር ይሻገር ወይስ የተውኔቱ ጽሑፍ ብቻ ይላክ?

የመጀመሪያውን መንገድ «ዘ ኸርድስ» (መንጎቹ) የተባለው ተጓዥ ትርኢት በ2025 እ.ኤ.አ. አሳይቶናል። ሰዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የእንስሳት አሻንጉሊቶች መንጋ ከኪንሻሳ ተነሥቶ፣ ከተማ ለከተማ እየሮጠ፣ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ በሰሜን ዋልታ አካባቢ እስካለው የኖርዌይ አርክቲክ ድረስ ዘለቀ። ከካርቶንና ከስስ ጣውላ የተሠሩት እንስሳት በአደባባይ ድንገት ብቅ ሲሉ ቲያትር ቤት ገብቶ የማያውቀውም ሰው ቆሞ ያያል። ይህን ኃይል ምንም ጽሑፍ አይተካውም። ግን ቪዛው፣ ፈቃዱ፣ ጭነቱ፣ ገንዘቡ ከባድ ነው።

ሁለተኛው በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ክላይሜት ቼንጅ ቲያትር አክሽን» የተባለው ዓለም አቀፍ የቲያትር ፕሮግራም ነው። በየሁለት ዓመቱ 50 ያህል ጸሐፊዎች አጫጭር ተውኔቶች ይጽፋሉ፤ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን ትምህርት ቤቱም የቲያትር ቡድኑም መርጦ ባለበት ይጫወታቸዋል። የአውሮፕላን ጭስ የለም። ደግሞም ተመልካቹን ከትርኢቱ በኋላ ስለ ገዛ ወንዙ ማወያየት ይቻላል።

አቅሙ ለአነሰ ተቋም እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለጉዞ ሊወጣ የነበረው ገንዘብም ለተርጓሚውና ለተዋናዩ በአግባቡ ይከፈል።