የድንጋይ ቤታችንን በማታ ላሳየን ባለሙያ

የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ የግቢያችንን መብራት የሠራልንን ልጅ ላመሰግን ነው የምጽፈው።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋቱ ላይ ነው። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በጥርብ ድንጋይ ያሠራው፣ በረንዳው ሦስት ቅስት ያለው ቤት ነው። አምና ሌላ ሰው አራት ባለ 50 ዋት ነጭ ፓውዛ ፊት ለፊቱ ተክሎልን ነበር። ያ ሁሉ ድንጋይ ልስን ግድግዳ መሰለ። ጭጋግ የወረደ ማታማ ብርሃኑ ጭጋጉ ላይ እየተመለሰ ቤቱ ጭራሽ አይታይም። ጎረቤታችን ልጆቿን ለማስተኛት መጋረጃ ደረበች፤ በጣም ነበር ያፈርኩት።

ይህን ልጅ ዋጋ ንገረኝ ስለው "ጋሼ፣ ማታ ሳላየው አልናገርም" አለኝ። ከመግሪብ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። ፓውዛዎቹን አስጠፋና ባትሪውን ከግድግዳው ሥር አስጠግቶ ወደ ላይ አበራው። የጠራቢው መዶሻ ያረፈበት ሁሉ ጥላ አውጥቶ ታየ። እናቴ ቆማ ዝም ብላ አየችው። ለካ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ጥላው ይጠፋል፣ ከጥላው ጋር የድንጋዩም መልክ።

አሁን ዘጠኝ ባለ 5 ዋት መብራት ነው ያለን፤ 200 ዋት የነበረው 45 ሆነ። ቀለሙ 3000 ኬልቪን፣ ሞቅ ያለ ቢጫ። አራቱ በቅስቶቹ ቋሚዎች ሥር፣ ሌሎቹ ግድግዳው ጥግና ደረጃው ላይ ናቸው፤ አምፖሉ ራሱ ከየትም ቢቆሙ ዓይን ውስጥ አይገባም። የውጪው መስመር 12 ቮልት ስለሆነ ልጆቹ ሲሯሯጡ አልሰጋም። መሬት የተቀበሩት ሥር ጠጠር ደልድሎ ውሃው እንዲሰርግ አድርጓል፤ የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጣሪያውንም አብራልን ብዬው ነበር። ቆርቆሮ ያንጸባርቃል፣ ቅስቱን ይሸፍንብናል ብሎ እንቢ አለ። ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ ነው እንቢ ያለው።

ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሳንጠራው መጣና መብራቶቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አየ። ውሃ የገባበትን አንዱን ያለ ክፍያ ቀየረው። እናቴ በረካውን ሳይጠጣ አልለቀውም አለች።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ኮምቦልቻም ይወርዳል። ብቻ ቤታችሁን በማታ እንዲያየው ጊዜ ስጡት።