ደብረ ብርሃን ላይ ቴፕ ያስገጠምኩበት እና ያስፈታሁበት

ለገና ከዲሲ ደብረ ብርሃን እማዬጋ ሄጄ አምስት ሳምንት ቆይቼ ነው የተመለስኩት፣ እና እዛ ስለተጠቀምኳቸው ነገሮች ትንሽ ልበል ብዬ ነው። ሆቴል አልያዝኩም ቤት ነው የከረምኩት፣ ባጃጆቹ ጥሩ ናቸው፣ ላቫጆው ደግሞ መኪናውን አሳምሮ አጥቦ ምንጣፉን እርጥብ አድርጎ ነው የሚመልስልሽ፣ በዛ ብርድ ሶስት ቀን አይደርቅም። ዋናው ወሬ ግን የቴፑ ነው።

ወንድሜ ቶዮታ ቪትዝ አለችው። ከጃፓን እንዳለች የመጣች ስለሆነች ሬዲዮኗ ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ያልቃል፣ ጃፓኖች የድሮ ኤፍኤማቸው እስከዛ ብቻ ስለነበረ ነው፣ እኛጋ ደግሞ ሰው የሚያዳምጠው ሁሉ ከዛ በላይ ነው፣ ፋና 98.1 ሸገር 102.1፣ ስለዚህ ልጁ አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር ሽሽሽ የሚል ነገር እያዳመጠ ነው የሚነዳው። አሳዘነኝና ባለ 7 ኢንች አንድሮይድ ቴፕ፣ ከመኪናዋ ገመድ ጋር ከሚያገናኘው ሶኬትና ከነፍሬሙ ገዝቼለት ሄድኩ።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ የመኪና ዲኮር ቤት ነው፣ ስም አልጠራም። ልጁ ፈጣን ነው፣ አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ሶኬቱን ስሰጠው "አያስፈልግም እህቴ" ብሎ ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ወረወረው፣ ከዛ የመኪናዋን ኦርጅናል ሶኬት በፒንሳ ቆረጠና ገመድ ከገመድ እየጠመዘዘ በናስትሮ ጠቀለለው። የምጠይቀው እኔ፣ መልስ የሚሰጠው ግን ለወንድሜ፣ ወንድሜ ደግሞ ፊውዝና ፍሬቻ አይለይም አረ! የጃፓን ቶዮታ የቴፕ ቀዳዳ ስፋቱ 20 ሳንቲም ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ቴፕ ደግሞ 18፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲም ክፍት ስለሚቀር ነው ፍሬም የሚገባው፣ እሱ ግን ጥቁር ስፖንጅ ጠቀጠቀበት። 2,000 ብር ከፍለን ወጣን። ድምፁ ግን ቆንጆ ነበር አልዋሽም።

ከዛ ገና ሆነና መኪናዋ ሶስት ሌሊትና ሁለት ቀን ቆመች። በነጋታው ደብረ ሲና ዘመድ ልንጠይቅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተን መስታወቱ ላይ ያለውን አመዳይ ፍቀን ቁልፉን ብናዞረው ቀጭ እንኳን አላለችም። አውቶማቲክ ናት ተገፍታ አትነሳም፣ ከጎረቤት ፒክአፕ ባትሪ በገመድ ተበድረን አስነሳናት። ያየን ሁሉ "ብርዱ ነው" ይላል፣ ብርድ ባትሪ ያደክማል እውነት ነው፣ ግን ይቺ መኪና ስንት ታህሳስ እዛው ግቢ አድራ ተነስታለች።

እዛው ደብረ ብርሃን ወደ ጠባሴ ሲል ታፔላ የሌላቸው አንድ የመኪና ኤሌትሪሽያን አሉ፣ ጋቢ ደርበው ነው የሚሰሩት። ቴፕ የሚለውን ቃል ተናግሬ ሳልጨርስ ቁልፉን አስነቀሉኝ፣ በሩን አዘጉኝ፣ የባትሪውን ማሳ (የነጌቲቩን ገመድ) ፈትተው ቴስተሩን መሀል አስገቡ። 0.4 አምፒር። "እህት ዓለም፣ መኪና ተኝታ መብላት የለባትም" አሉኝ። የሬዲዮውን ፊውዝ ሲነቅሉት ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ፣ ከ0.05 በታች ከሆነ ሰላም ነው አሉ። ኮፈኑ አቧራ ላይ በጣታቸው አሰሉልኝ፣ 0.4 አምፒር በ60 ሰዓት ሲባዛ 24 አምፒር ሰዓት፣ የቪትዟ ባትሪ ደግሞ የሚይዘው 35 ነው፣ በዛ ላይ ብርድ ሲጨመር ምን ቀረ?

ቴፑን ሲያወጡት ነገሩ ታየ። ከቴፑ የሚወጣው ቢጫ ገመድ ሁልጊዜ መብራት የሚያገኘው ነው፣ ሰዓትና ሴቲንግ የሚይዝበት፣ ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው መብራት ማግኘት ያለበት፣ ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቷቸዋል፣ በቃ ቴፑ ስክሪኑ ጠፍቶም ቢሆን አይተኛም ማለት ነው። ለነገሩ ቶዮታ በራሱ ገመድ የሚጠቀመው ቀለም ሌላ ስለሆነ ቀለም ከቀለም እያዩ መቀጠል አይሰራም፣ ሶኬቱ የተሰራው ለዛ ነው፣ እኛም ይዘነው ነበር እኮ! ጋሼ የተቆረጠውን አንድ በአንድ በቴስተር እየለኩ በሊድ በየዱትና ከሶኬቱ ጋር አገናኙት፣ ስፖንጁን አውጥተው ፍሬሙን አስገቡ። የሚገርመው ሲያስረዱ ለኔ ነው የሚያስረዱት።

ቅሬታ አለኝ ግን። ሙሉ ቀን ነው የፈጀው፣ መሀል ላይ ለቅሶ አለብኝ ብለው ዳሽቦርዷን እንደተፈታች ጥለዋት ሄዱ፣ ስልክ አያነሱም፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ኩርምት ብዬ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። የጠየቁኝ 1,200 ብር ነው፣ ጨምሬ ሰጠኋቸው። ቴፑ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ፊልም አያሳይም፣ ወንድሜ እየነዳ ለማየት የፍሬኑን ገመድ ወደ ማሳ አዙሩልኝ ሲላቸው "የጣርማበርን ቁልቁለት ስትወርድ ነው የምታየው?" ብለው ዘጉት፣ እማዬ ይሄን ሰምታ መረቀቻቸው።

ደብረ ሲና የሄድነው በሳምንቱ ነው። ጣርማበር ጣሊያን የሰራው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ወንድሜ መብራት አበራ፣ ስክሪኑም ወዲያው ለራሱ ደብዘዝ አለ፣ ያን የሚያደርገው የብርቱካን ቀለም ያለው ገመድ ነው፣ የመጀመሪያው ልጅ ጭራሽ ሳያገናኘው ተንጠልጥሎ የተገኘው። ሬዲዮው ዋሻው ውስጥ ጠፋ፣ ስንወጣ ተመለሰ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን ቴፑ በርቶ አንድ ሰዓት ቆምን፣ ሞተር ሳናጠፋ ግን፣ ፈርተን።