ዩቨርሽን በአማርኛ፦ ለንባብ ጥሩ ነው፣ በስሜት ጥቅስ ለሚፈልግ ግን ጥንቃቄ ይሻል

አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በስልኩ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምንጠቁመው ዩቨርሽንን ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ያለችው ላይፍ ቸርች የተባለች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው መተግበሪያ ሲሆን ነፃ ነው፤ ማስታወቂያም የለበትም። የ1954ቱ ትርጉም («አማ54» ተብሎ ታገኙታላችሁ) እና አዲሱ መደበኛ ትርጒም ሁለቱም አሉበት። ማንበቢያነቱን ብቻ ከመዘንን የሚያስከፋ ነገር እምብዛም የለውም። ቅር የሚለን ተጨንቆ ወይም አዝኖ የሚከፍተውን ሰው የሚያስተናግድበት መንገድ ነው።

በመፈለጊያው ገጽ ላይ ጭንቀት፣ ቁጣ፣ ተስፋ የመሳሰሉ ርዕሶች አሉ፤ አንዱን ስትነኩ ጥቅሶች ይደረደራሉ። ጥቅሱ ግን ከቦታው ተቆርጦ ስለሚመጣ ማን ለማን፣ መቼ እንደ ተናገረው አይታይም። ኤርምያስ 29፥11ን ውሰዱ። «ፍጻሜና ተስፋ» የሚለው ቃል በሚያምር ፎቶ ላይ ታትሞ ሲመጣ፣ ነገ የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለበት ሰው ለእሱ ጉዳይ የተላከ መልስ ይመስለዋል። ምዕራፉ ሲከፈት ግን የምታገኙት ነቢዩ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የላከውን ደብዳቤ ነው። ቁጥር 5 ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት እንዲተክሉ ያዛቸዋል፤ ቁጥር 10 ደግሞ ሰባ ዓመት ይላል። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትሄዱ ሐናንያ የተባለ ሌላ ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል እያለ ሲተነብይ ታገኙታላችሁ። ለሰሚው ደስ የሚለው የሐናንያ ቃል ነበር፤ እውነቱ ግን ከኤርምያስ ጋር ነበር። የጥቅስ ዝርዝሩ ይህን ሊያሳያችሁ አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥቅሱን ስታገኙ እዚያው አታቁሙ፤ ምዕራፉን ክፈቱና ከመጀመሪያው ቁጥር አንብቡ። ቀጥሎ ቁጥሩን ነክታችሁ ከታች ከሚመጣው ምናሌ «አወዳድር» የሚለውን ምረጡና ሁለቱን ትርጉሞች አስተያዩ። ስሜታችሁን በማስታወሻው ላይ ብትጽፉ መልካም ነው፤ ግን ምንባቡ የሚለውንና የተሰማችሁን ለየብቻ ጻፉት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው «እግዚአብሔር ነገረኝ» የሚባለው ነገር የሚበዛው።

ሌላው ጉድለት የሐዘን ርዕሶች ቶሎ ወደ ማጽናኛ መሮጣቸው ነው። መዝሙር 88ን ሙሉውን አንብቡ፤ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ የምስጋና ቁጥር የለውም፤ ሆኖም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእግዚአብሔር የቀረበ ጸሎት ነው። በመዝሙር 42፥5 ደግሞ ዘማሪው «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ የራሱን ስሜት ይጠይቃል። ሐዘኑን አይክደውም፣ ዳኛም አያደርገውም። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቁጥር አይያዝም።

የንባብ ዕቅዶቹ ይለያያሉ፤ በአማርኛ ያሉት ከእንግሊዝኛዎቹ በጣም ያነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ለየቀኑ አጭር ትምህርትና ጥቂት ቁጥሮች ይሰጣሉ። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ ቁጥሮቹን አስቀድሙ፣ ትምህርቱን አስከትሉ። አለበለዚያ የትምህርቱን ጸሐፊ ስሜት ይዛችሁ ነው ወደ ምንባቡ የምትገቡት። ተከታታይ ቀናት የሚቆጥረው ነገርም ለአንዳንዱ ማበረታቻ ነው፤ ቀን ሲያመልጠው በጥፋተኝነት ለሚጨነቅ ሰው ግን ባያየው ይሻላል።

በቤተ ክርስቲያን ዳዊት የለመዱ አንባቢዎች የመዝሙር ቁጥር እንዳያደናግራቸው፤ በዚያ 22ኛ የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአዲሱ መደበኛ ትርጒም 23ኛ ነው። ይኸው ትርጒም 66 መጻሕፍት ብቻ ስላሉት ሄኖክንና ኩፋሌን አታገኙበትም። ፍለጋው ውጤት ካልሰጣችሁ ፊደሉን ቀይሩ፤ «ሀጢአት» ብላችሁ ያጣችሁትን «ኃጢአት» ወይም «ኀጢአት» ብላችሁ ሞክሩት። ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ደግሞ ከትርጉሙ ስም አጠገብ የማውረጃ ምልክት ካለ በዋይፋይ አውርዶ መያዝ ይሻላል።